ግድግዳ ሲያልበው፡- የቆቦ አሮጌ ቤትና የውሃው ታሪክ

ቆቦና ርጥበት! እነዚህ ሁለት ቃላት አብረው ሲነሱ የሰማ ሰው ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። የራያ ሜዳ ስሙ የሚነሳው በድርቅ እንጂ በርጥበት አይደለም። በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ የወሎ ስም በዓለም ዙሪያ ሲናኝ፣ ከቆቦ በአላማጣ አድርገው ግራካሱን ሲወጡ የሚገኘው ኮረም የዚያ መከራ ምልክት ሆኖ ነበር። ገበሬው ዓይኑን ከሰማይ የማይነቅልበት፣ በዓመት የሚጥለው ዝናብ በአማካይ ሰባት መቶ ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነበት የቆላ አገር ስለ ረጠበ ግድግዳ ምን የሚያወራው ነገር ይኖረዋል? ያሰኛል።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ዓመቱን ሙሉ የማይመጣ ውሃ ሲመጣ በጎርፍ ነው የሚመጣው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በስተምዕራብ ካለው የደጋ ጫፍ ተንደርድሮ ሜዳው ላይ ይለቀቃል። በዚህ ላይ የዛሬው የከተማ ቤት ከሰማይ የሚወርደውን ብቻ ሳይሆን በቧንቧ የሚገባውንም ውሃ ያስተናግዳል። በአሮጌ ጭቃ ቤት ጥግ ላይ ትንሽ መታጠቢያ ክፍል ያወጣ ሰው፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ግድግዳው ከሥሩ ሲጠቁር፣ ቀለሙ ሲላጥና ልስኑ እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ሲሰጥ ያያል። ከዚያ ሲሚንቶ ይደርብበታል። ሲሚንቶው እንደገና ይላጣል። በመጨረሻም «ቤቱ አርጅቷል፣ ይፍረስ» ይባላል።

ለመሆኑ ያረጀው ቤቱ ነው? ወይስ ቤቱና ውሃው የነበራቸው የቆየ ስምምነት ፈርሶ ነው? ይህን ለመመለስ ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ይጠይቃል።

ውሃ በደጅ የቀረበት ዘመን

የራያ ሜዳ ገበሬ ጎርፍን አሳምሮ ያውቀዋል። ሆርማትንና ጎሊናን የመሳሰሉት ወንዞች ደራሽ ሲያመጡ ውሃውን በእርከንና በቦይ ጠልፎ ወደ ማሳው ማስገባት በአካባቢው የቆየ ጥበብ ነው። አንድ ጥሩ ጎርፍ የጠጣ መሬት ማሽላውን ለእሸት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ጎርፍ ለማሳው ሲሳይ ነው፣ ለቤቱ ግን ጠላት ነው። ያው ገበሬ ወደ ማሳው የሚጠራውን ውሃ ከቤቱ አጠገብ እንዳይደርስ አጥብቆ ይከላከላል። ሁለቱን ማሳሳት ትልቅ ጥፋት መሆኑን ያውቃል።

ቤቱም በዚሁ ዕውቀት የተሠራ ነው። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይማገራል፣ አፈሩ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ከቆየ በኋላ ይመረጋል። ሥሩ ላይ ድንጋይ ይደረደራል። ጣሪያው ወደ ውጭ ዘለቅ ብሎ ታዛ ይሠራል። ታዛ እንግዳ ማረፊያ ብቻ አይደለም፤ የጣሪያው ጠብታ ከግድግዳው እግር ራቅ ብሎ እንዲወድቅ የሚያደርግ የቤቱ ጃንጥላ ነው። ክረምት ወጥቶ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቤት ሲለቀለቅም ሥራው ለበዓል ማማር ብቻ አልነበረም። ክረምቱ የሸረሸረው ይሞላል፣ የተሰነጠቀው ይደፈናል። በዛሬ ቋንቋ ዓመታዊ ጥገና መሆኑ ነው።

የጭቃ ግድግዳ አንድ ጠባይ አለው፡- ውሃ ይጠጣል፣ የጠጣውንም ይተነፍሳል። ዝናብ ሲነካው ይረጥባል፤ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው ያንኑ ርጥበት በገጹ በኩል መልሶ ያወጣል። የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው። የሚጠጣው ከሚተነፍሰው እንዳይበልጥ መጠበቅና መተንፈሻውን አለመድፈን። የድሮው ቤት ሁለቱንም ያሟላ ነበር።

ታዲያ ሰው የት ይታጠብ ነበር? ወንዝ ወርዶ ይታጠባል። ከማዕድ በፊትና በኋላ እጅ የሚታጠበው ከማንቆርቆሪያ በሚወርድ ቀጭን ውሃ፣ ከሥር በሚቀበል ሳህን ነው። ክርስቲያኑና እስላሙ ተጎራብቶ በሚኖርበት በራያ ቆላ፣ ለሶላት የሚነሳው ሰው በትንሽ ዕቃ ውሃ ውዱእ ያደርጋል። የወሎ ሴቶች ደግሞ ውሃ የማይጠይቅ ሌላ መታጠቢያ አላቸው፤ ወይባ። በመሬት ውስጥ በተቆፈረች ትንሽ ጉድጓድ የወይባ እንጨት እየጨሰ፣ ሴትዮዋ ተጠቅልላ ከጢሱ ላይ ተቀምጣ ላቧን ታወጣለች። ገላዋ ይጠራል፣ ይለሰልሳል፣ መዓዛው ለቀናት ይቆያል። ግድግዳው ግን ጠብታ ውሃ አልነካውም፤ እንዲያውም ጢሱ ያደርቀዋል። መፀዳጃውም ከግቢ ውጭ ወይም ከግቢው ጠርዝ ነበር።

እንግዲህ ልብ እንበል። እነዚህ ሰዎች ንጽሕና አያውቁም ማለት አይደለም። ንጽሕናቸውን ያከናወኑት ውሃን ከግድግዳ ጋር ሳያጋጩ ነው።

መታጠቢያን ወደ ቤት ማስገባት በአገራችን ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥት ነገር ሆኖ ቆይቷል። በጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ የእንፋሎት መታጠቢያ የሆነ ቤት አለ። ይሁንና የቆመው በድንጋይና በኖራ ነው፣ ያውም ለዚሁ አገልግሎት ብሎ ለብቻው የተሠራ ነው። አዲስ አበባም ብትሆን ስትቆረቆር የእንጦጦ ሰዎችን ወደ ታች የጠራቸው የፍልውሃው ሙቅ ውሃ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዓመታት ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ ሲያመጣ ነገሩ እንደ ተአምር ታየ። ከዚያ ተአምር ተነስቶ ቧንቧ ወደ ተራው ሰው ጓዳ እስኪደርስ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

መንገዱ ይዞት የመጣው

ቆቦ የመንገድ ከተማ ናት። ከወልዲያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ አላማጣን፣ ኮረምንና ማይጨውን እያቋረጠ ወደ መቀሌና ወደ አሥመራ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ተዘርግታለች። ጣሊያን መጋቢት 1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ድል ከቀናው በኋላ፣ እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት ይህን መስመር ለመኪና እንዲሆን አድርጎ ሠራው። ዓላማው ወታደርና ስንቅ ማመላለስ ነበር። መንገድ ግን የሠራውን ሰው ዓላማ ብቻ ሲያገለግል አይኖርም። ወራሪው ሄደ፣ መንገዱ ቀረ፤ በመንገዱም ቆርቆሮና ሲሚንቶ መጣ።

ይህን ታሪክ ለማወቅ መዝገብ ማገላበጥ አያሻም፣ የግንበኛን አፍ ማዳመጥ ይበቃል። ጭቃ፣ ጭድ፣ ማገር፣ ምርጊት፣ ታዛ ሲል የአያቱን ቋንቋ ይናገራል። ሲሚንቶ፣ ሊሾ፣ ቱቦ፣ ባኞ ሲል ግን የሚናገረው ጣሊያንኛ ነው። መታጠቢያ ክፍሉ ከነዕቃውና ከነስሙ በዚያው በር የገባ እንግዳ ነው ማለት ይቻላል። የድሬዳዋው ሲሚንቶ ፋብሪካ መሠረቱ የተጣለው በዚያው በወረራው ዘመን ነበር። ሙገር በ1976 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ኋላም የመቀሌው መሰቦ ሲከተል፣ ሲሚንቶ ከባለሀብት ዕቃነት ወጥቶ የብዙ ሰው ዕቃ ሆነ።

ከዚህ በኋላ በጭቃ ቤት ላይ የደረሰውን ሁሉም የከተማ ሰው ያውቀዋል። ሣሩ በቆርቆሮ ተተካ። ቆርቆሮ ውድ ስለሆነ ታዛው አጠረ። ወለሉ ሊሾ ሆነ። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለሰነ፤ «የተለሰነ ቤት» ማለትም የክብር መለኪያ ሆነ። ውሃ መጀመሪያ ከቦኖ በእንስራና በጀሪካን ይቀዳ ነበር፤ ቀጥሎ ግቢ ገባ፤ በመጨረሻም ግድግዳ ሰርስሮ ቤት ገባ።

እስቲ አንድ ቤት በሐሳባችን እናቁም። ከአውራው መንገድ ዳር ያለ፣ ሁለት ክፍልና አንድ ጓዳ ያለው የጭቃ ቤት ነው። ልጆች አድገው ከተማ ወጥተዋል። እናት አርጅተዋል፤ በሌሊት ጓሮ ድረስ መውጣት ይከብዳቸዋል። ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ጓዳውን ወደ መታጠቢያ ክፍል ይለውጡታል። ሐሳቡ ቅዱስ ነው። ሴራሚክ በጭቃው ግድግዳ ላይ በቀጥታ ይለጠፋል። ቱቦው ግድግዳው ውስጥ ይቀበራል። መስኮቱ «ያሳያል» ተብሎ ይደፈናል። ሮቶው ከቤቱ ጎን ይተከላል፣ ትርፍ ውሃው ከግድግዳው እግር ሥር ይፈሳል።

በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ያማረ ነው። ውሃ ግን እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። በሁለተኛው ዓመት ከሴራሚኩ ጀርባ የገባው ውሃ መውጫ አጣ። በፊት በኩል ሴራሚክ፣ በውጭ በኩል የሲሚንቶ ልስን፣ መሐል ላይ ጭቃ አለ፤ ጭቃው አፍና አፍንጫውን የታፈነ ሰው ሆነ። የቋሚዎቹ እግር በርጥበት መበስበስ ጀመረ። ምስጥ ደግሞ ረጠብ ያለ እንጨት ይወዳል። ሌሊት የሞቀው እንፋሎት ከቀዘቀዘው ቆርቆሮ ጋር ሲገናኝ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ኮርኒሱ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል። እናትም ማታ ማታ ማሳል ይጀምራሉ።

ከላስታ ተራሮች የመጣ ትምህርት

ይህ ስህተት የድሃ ወይም ያልተማረ ሰው ስህተት ብቻ እንዳይመስለን። በባለሙያዎች እጅ፣ በአገሪቱ ታላላቅ ቅርሶች ላይ ተፈጽሟል።

ከቆቦ በስተምዕራብ በላስታ ተራሮች ላይ ያሉት የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ወጥ ቋጥኝ የተፈለፈሉ ናቸው። ቋጥኙ ውሃ የሚጠጣ ዓይነት ነው። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ይህን ስላወቁ ጣሪያውን ሲያበጁ ውሃው የሚወርድበትን አብረው አበጁ። የቤተ ጊዮርጊስን ጣሪያ ያየ ሰው ውሃውን ወደ ውጭ የሚተፉትን አሸንዳዎች ያስታውሳል። ዙሪያውን ያለው ጥልቅ ቦይም ዝናቡን ይዞ እንዳይቆይ ማስወጫ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1954 በላሊበላ በተደረገ ጥገና አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ውሃ እንዳያስገቡ ተብሎ በሬንጅ ተቀቡ፣ ላዩም ቀይ ቀለም ተደረገበት። ሐሳቡ ቀላልና ምክንያታዊ ይመስል ነበር፤ የሚያፈስን ነገር መድፈን። ይሁን እንጂ ሬንጁ በስንጥቅ የገባውን ውሃ ውስጥ አፍኖ አስቀረው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በሳንድሮ አንጀሊኒ የሚመራ የጠጋኞች ቡድን ሲመጣ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ያንን ሬንጅ ከቋጥኙ ላይ መላጥ ሆነ። ለመድፈን የወጣው ድካም እንደገና ለመላጥ ወጣ። ከዚያም በኋላ የውሃው ጭንቀት አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተተከሉት ትልልቅ መጠለያዎችም ከዚያው ከዝናቡ ለመከላከል የመጡ ነበሩ፤ እነሱም በተራቸው የራሳቸውን ክርክር አስነሥተዋል።

ጎንደርም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። በኖራ የተገነቡት ግንቦች በጣሊያን ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ ተጠገኑ። ኋላ የመጡት ጠጋኞች ደግሞ ሲሚንቶውን እያነሱ ወደ ኖራው ተመለሱ። ምክንያቱ አንድ ነው። ኖራ እንደ ጭቃ ይተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ግን ይደድራል፣ ያፍናል። የሚተነፍስን ግድግዳ በማይተነፍስ ነገር መሸፈን ቁስልን ሳያጥቡ ማሸግ ነው።

ንጉሥ ላሊበላና አጼ ፋሲል ካቆሙት ሥራ እስከ ቆቦዋ እናት ጓዳ ድረስ ሕጉ አንድ መሆኑ አይደንቅም?

የማንም ያልሆነ ግድግዳ

ለአሮጌ ቤቶቻችን መበስበስ ሌላ፣ በሕግ የመጣ ምክንያትም አለ። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። የቤት ኪራይም እንደየመጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ኪራያቸው ከመቶ ብር የማይበልጠው አነስተኛ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ።

በአከራይ ሲማረር ለኖረው ደሃ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግድግዳው ግን አዲስ ችግር ገጠመው። ተከራዩ «ቤቱ የቀበሌ ነው» ብሎ ምርጊቱን ተወ። ቀበሌው የሚሰበስበው ኪራይ ለጥገና የሚበቃ አልሆነም። የቀድሞው ባለቤት እጁን አጣጥፎ ተመለከተ። አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ለብዙ አባወራ የጋራ ሆነ። የጋራ የሆነ ሽንት ቤት ጽዳቱ የማን ተራ እንደሆነ የተጨቃጨቀ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በየዓመቱ ለመስቀል ይለቀለቅ የነበረው ግድግዳ ዓመታት አልፈውት እዚያው ቆመ። ከሕጉ በላይ የተሰበረው ልማዱ ነበር።

በዚህ ላይ የመንገዱ ነገር አለ። አስፋልት በተደረበ፣ ጠጠር በተደለደለና ድንጋይ በተነጠፈ ቁጥር የመንገዱ ከፍታ ይጨምራል። ቤቱ ግን ባለበት ነው። ድሮ ሁለት ደረጃ ወጥተው የሚገቡበት ቤት ዛሬ አንድ ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ሆኗል። ቆቦን በመሰለ ሜዳ ላይ ባለች ከተማ ይህ ማለት የመንገዱ ጎርፍ መድረሻው ቤቱ ነው ማለት ነው። ቦዩ በቆሻሻ ሲደፈን ደግሞ የባሰ ይሆናል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከተማዋ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትገባና ስትወጣ ከሰው የተረፈው ሐዘን ትልቁ ነበር፤ የተሰነጠቀና የተበሳ ቤት ጉዳይ ከዚያ በኋላ የሚነሳ ነው። ቢሆንም የተበሳ ቆርቆሮ ሳይጠገን ያለፈ ክረምት ሁሉ ከግድግዳው ዕድሜ ቆርሶ ወስዷል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

«ወደ ወንዝ እንመለስ» የሚል የለም። በሌሊት ጓሮ የሚወጡ እናት ቤት ውስጥ መፀዳጃ ማግኘት መብታቸው ነው። ጥያቄው አሮጌው ቤት አዲሱን ውሃ እንዴት ይሸከመው የሚለው ነው። ካለፈው ታሪክ የሚወጣው መልስም ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም።

አንደኛ፣ ግድግዳውን ከመንካት በፊት ውሃው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነው። ክረምት ላይ ብቻ የሚረጥብ ግድግዳ ተጠያቂው ጣሪያው ወይም ጎርፉ ነው። በጋ ከክረምት የሚረጥበው የቱቦ ነገር ነው። ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር የሚጠቁረው የእንፋሎት ነው። ከሥር ጀምሮ እየወጣ ነጭ ጨው የሚተፋው ደግሞ ከመሬት የሚመጠጥ ነው። በሽታው ሳይታወቅ ሲሚንቶ መደረብ ውሃን መውቀጥ ነው፤ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ።

ሁለተኛ፣ ሥራው ከውጭ ይጀመር። ከግድግዳው እግር የተከመረው አፈር ይነሳ፤ መሬቱ ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘንብል፤ ቦይ ይቆፈር፤ ጣሪያው አሸንዳ ይግባለት። ብዙ ጊዜ ግማሹ በሽታ በዚህ ብቻ ይድናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዶማና አካፋ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከግድግዳው ግርጌ ያለው የሲሚንቶ ልስን ይላጥና ጭቃው ይተንፍስ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የራያ ፀሐይና ነፋስ ማንም የማይከፈለው ማድረቂያ ነው። የበሰበሰ ቋሚ ካለ እግሩ ተቆርጦ በድንጋይ ላይ ይቁም። ከደረቀ በኋላ እንደ ጥንቱ በጭድ ጭቃ ይመረግና በኖራ ይቀባ። ሳይደርቅ መቀባት ግን ገንዘብን ማባከን ነው።

አራተኛ፣ መታጠቢያው የራሱ ግድግዳ ይኑረው። የቦታና የገንዘብ አቅም ካለ በቤቱ ቁልቁለት በኩል በብሎኬት ተሠርቶ ከጭቃው ቤት ጋር በበር ብቻ ይገናኝ። ጓዳው ውስጥ መሆኑ ግድ ከሆነ ደግሞ ከጭቃው ፊት ክፍተት ትቶ ስስ የብሎኬት ግድግዳ ይቁምና ሴራሚኩ በዚያ ላይ ይለጠፍ። ቱቦው በግድግዳ ውስጥ አይቀበር፤ በውጭ ይሂድ። አያምርም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ሲያፈስ ይታያል፣ ሲታይ ይጠገናል። ሊሾው ወደ ፍሳሹ ያዘንብል። ከላይ፣ ሰው ከማያይበት ከፍታ ላይ ሁልጊዜ የሚከፈት ትንሽ መስኮት ይኑር። የፍሳሽ ጉድጓዱም ከቤቱ መሠረትና ከውሃ ጉድጓድ ራቅ ይበል።

እዚህ ከተዘረዘረው ውስጥ አዲስ ነገር የቱ ነው? ማዘንበል፣ ማራቅ፣ ማስተንፈስና በየዓመቱ ማደስ የታዛው፣ የቦዩና የመስቀሉ ልቅለቃ ሥራ ነበሩ። የላሊበላ ጠራቢም ጣሪያው ላይ አሸንዳ ሲያወጣ ያደረገው ይህንኑ ነው።

አሳሳቢው ነገር ሌላ ነው። ጭቃ ስንት ቀን እንደሚቦካ፣ ጭዱ ምን ያህል እንደሚሆን፣ የትኛው አፈር እንደሚሰነጠቅና የትኛው እንደሚይዝ በእጃቸው የሚያውቁት ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል። ወጣቱ ግንበኛ ብሎኬት መደርደር ተምሯል፤ ምርጊት ግን የድህነት ሥራ ተደርጎ ስለተቆጠረ የሚማረው የለም። አሮጌው ቤት ሲፈርስ በምትኩ የሚቆመው የብሎኬት ቤት በየአቅሙ የሚገኝ አይደለም። ልጅ ከሩቅ የላከው ገንዘብ መሠረት ላይ ሲያልቅ፣ አሮጌው ፈርሶ አዲሱ ሳያልቅ የቀረ ቤት በየከተማችን ሞልቷል። ቤት አልባ የሆኑት እናት ደግሞ ዘመድ ቤት ይከርማሉ።

ስለዚህ በቆቦም ይሁን በሌላ የአገራችን ከተማ አሮጌ የጭቃ ቤት ያለው ሰው «ይፍረስ» ከማለቱ በፊት አንድ ክረምትና አንድ በጋ ቢታገሰው መልካም ነው። በክረምቱ ውሃው በየት እንደሚገባ ይመልከት፣ በበጋው ያድርቀው። በመሐሉም ከሰፈሩ ምርጊት የሚያውቁ አንድ አዛውንት ወይም እማወራ ፈልጎ፣ ቡና አስፈልቶ ይጠይቃቸው። ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው የሚነግሩትን ከሲሚንቶ ነጋዴው አይሰማውም።